ቅዳሜ ሱባ እንወጣለን፤ የምንመለስበትንም ሰዓት ጽፌያለሁ

ከቤታችን በር ላይ ቆሜ ቀና ካልኩ የወጨጫ ተራራ ይታየኛል። የምንኖረው ዓለም ገና ነው፤ በአንድ ወገን ፉሪ፣ በሌላው ወገን ወጨጫ። ጠዋት ለማስተማር ስወጣ አናቱ ላይ ደመና መኖር አለመኖሩን ሳላይ መንገድ አልጀምርም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ባየሁት ቁጥር ደረቴ ላይ የሚከብደኝ ነገር ነበር። የፊታችን ቅዳሜ በተዳፋቱ ላይ ወዳለው የሱባ ደን ተመልሰን እንወጣለን። ይህን የምጽፈው ዝግጅቱን ለራሴም መልክ ለማስያዝ፣ ልጆቹን ይዞ ደኑን ማየት ለሚፈልግ ሰውም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ያኔ የሆነውን ልናገር።

ጥቅምት ላይ ነበር። ወንድሜ፣ ልጄና እኔ ሦስታችን ብቻ። ከቤት የወጣነው 3 ሰዓት አልፎ ነው፤ ቁርስ ተበላ፣ ቡና ተጠጣ፣ ዳቦ ተገዛ፤ መራመድ ስንጀምር 5 ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። «ስንት ሰዓት ላይ እንመለስ?» ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ትልቋ እኔ ነኝና ጥፋቱ የኔ ነው። 8 ሰዓት ላይ ልጄ ደክሟት ተቀመጠች። ወንድሜ «ትንሽ ነው የቀረን፣ ያቺን ኩርባ ብቻ» አለ። ከኩርባዋ ወዲያ ሌላ ኩርባ ነበር፤ ከዚያም ሌላ።

9 ሰዓት ተኩል ገደማ ጉም ወረደ። ጉም ሲባል ከታች ሆነው የሚያዩት ነጭ ነገር ይመስላችኋል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። አሥር ሜትር ቀድሞኝ የሚሄደው የወንድሜ ቀይ ጃኬት መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ስንወጣ ተሻግረነው የሄድነው አንድ የወደቀ የጽድ ግንድ ነበር። ስንወርድ እሱን አግኝተን ደስ አለን፤ ነገር ግን ከግንዱ ወዲህ መንገዱ መንታ ነው፤ ስንወጣ ማናችንም ልብ አላልነውም። በግራ ወረድን። ግማሽ ሰዓት ከሄድን በኋላ ጅረት ያለበት ገደል አፋፍ ላይ ደረስን፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት መልሰን መውጣት ነበረብን። እዚያ ላይ የልጄ የቀኝ ጫማ ሶል ከፊት ለፊት ተከፈተ። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ የአንገቴን ሻርፕ በጥርሴ ቀድጄ ከነጫማው ጠቅልዬ አሰርኩላት። እጄ ከብርዱ የተነሳ ቋጠሮውን መያዝ አቅቶት ሦስት ጊዜ ፈታሁት። እሷ ምንም አላለችም፤ ትከሻዬን ብቻ ይዛ ቆመች።

የደን ጥበቃው ባትሪ ይዘው ሊፈልጉን ሲወጡ ተገናኘን። በሩ ላይ ስንደርስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ነበር። ስልኬ ኔትወርክ ሲያገኝ ከእናቴ ብቻ 23 ጥሪ ቁጭ ብሏል። ቤት ስንደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ውጭ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። አልተቆጣችም። ውሃ አሙቃ የልጄን እግር አጠበች፤ አጥባ ስትጨርስ ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ደኑን ከሩቅ ሳየው ኖሬያለሁ። የመለሰኝ ልጄ ናት። አሁን 14 ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ወር በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ አገር በቀል ዛፎች ተምረው መጣችና «እማ፣ ኮሶ ዛፉን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ እኮ፤ ክፍላችን ውስጥ ሌላ ያየ የለም» አለችኝ። ያን ቀን ከጉሙና ከጫማው ሌላ የምታስታውሰው ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

እውነትም የሚታይ ነገር ነው። ወጨጫ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ አናቱ 3,385 ሜትር ይደርሳል። በተዳፋቱ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ታሪክ የሚጀምረው ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ከነገሡት ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ የጽድ ዘር ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉ ይባላል። በአፍሪካ ከተጠበቁ ደኖች ሁሉ ቀዳሚው ነው የሚሉትም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ነው። እሱን ስናይ አድገን ደን ማለት እሱ ይመስለናል፤ ባሕር ዛፍ ግን ወደዚህ አገር የመጣው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከተማዋ ማገዶ ሲያጥራት ነው። ሱባ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ልዩነቱ በአፍንጫ ይታወቃል። የእርጥብ ቅጠል፣ የጽድ፣ የበሰበሰ ግንድ ሽታ። ከታች ወይራውና ዝግባው አለ፣ ጽዱ ከዚያ በላይ ይጸናል፤ ከፍ ሲባል ቅርፊቱ እየተላጠ የሚንጠለጠለው ቀላ ያለ ግንድ ይመጣል፤ እሱ ነው ኮሶ። አያቶቻችን አበባውን ለትል መድኃኒት የሚጠጡት ይኸው ዛፍ ነው። ከዚያ በላይ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦና ቢጫ አበባ ያለው አምጃ ይተካሉ።

ጉሬዛዎቹንስ! ከሩቅ መጀመሪያ የሚታየው ረጅሙ ነጭ ጭራ ነው፤ ቅርንጫፉ ላይ የተረሳ ነጠላ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ያ ነጠላ ይነሳና ይዘላል። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ጠቆር ያለው ድኩላም እዚያ ይኖራል፤ ወንዱን አንዴ ብቻ ከኋላው አይቼዋለሁ። ዝንጀሮና ከርከሮ አሉ፤ ነብርም አለ፣ ግን ሰው ፊት የሚወጣ እንስሳ አይደለም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «እንጦጦ አይሻልም?» ይሉኛል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ደስ የሚል ቦታ ነው፤ እናቴንም ወስጃታለሁ። እዚያ ግን የተነጠፈ መንገድ አለ፣ ካፌ አለ፣ ቢደክም መኪና ቅርብ ነው። ሱባ ላይ ሦስት ሰዓት ወደ ላይ የሄደ ሰው ሦስት ሰዓት ያህል ከመኪናው ርቋል። ዝግጅቱን የሚለየው ይህ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የሒሳብ መምህር ነኝና ይህን ክፍል በደስታ ነው የምጽፈው።

ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣት ቀላል ቀመር አለች። ወደ እኛ መለኪያ ስትመለስ፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። የእኛ ዕቅድ ጫፉ ድረስ አይደለም። አስታው እስኪጀምር ወጥተን መመለስ ነው፤ ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 600 ሜትር ያህል። በቀመሯ መሠረት 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል።

ይህ ግን ጠንካራ ሰው ሳያርፍ የሚሄድበት ሰዓት ነው። ከእኛ ጋር ጋሼ አሉ። ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ 61 ዓመታቸው፣ ግራ ጉልበታቸውን ቁልቁለት ላይ ያማቸዋል። «እኔ እቀራለሁ፣ እናንተን አላጓትትም» ሲሉ ወንድሜ ዝም አለ፤ ጫፉ ድረስ መውጣት የሚፈልግ እሱ ነበር። እኔ ግን ወረቀት አወጣሁና በጋሼ እርምጃ ደግሜ አሰላሁት። ሁሉንም በአንድ ተኩል አባዛሁ። መውጫው 3 ሰዓት ከ18፣ ከግማሽ ሰዓት ዕረፍት ጋር 3 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። መውረጃው 1 ሰዓት ከ48፣ ከግማሽ ሰዓት ምሳ ጋር 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መራመድ ከጀመርን 6 ሰዓት ሊሆን 12 ደቂቃ ሲቀረው የምንፈልገው ቦታ ላይ ነን፤ 8 ሰዓት ተኩል ሳይሞላም በሩ ላይ። ወንድሜ ወረቀቱን ወስዶ ደግሞ አሰላው። ከዚያ «ጋሼ፣ ከፊት እርስዎ ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ እሆናለሁ» አላቸው። በጣም ደስ አለኝ። ከፊት ያለው ሰው ዝግ ብሎ ከሄደ ከኋላው የሚቀር አይኖርም።

6 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን። አስታው ጋ ብንደርስም ባንደርስም፣ ሰማዩ ጥርት ቢልም፣ ጫፉ እፊታችን ቢታይም። ይህን ለስድስታችንም በቃል አስምያለሁ፤ ሌሎቹ ሁለቱ የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ናቸው። ተራራው ላይ ሆኖ መወሰን ከባድ ነው። ሰው ሲደክመውና ሲጓጓ «ትንሽ ነው የቀረን» ማለት ይቀለዋል፤ ቤት ተቀምጦ በወረቀት የተወሰነ ሰዓት ግን አይጓጓም።

ወሩን ኅዳር ያደረግነው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጭቃው እንዲደርቅ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት ያለውን ቅዳሜ መረጥን፤ ምክንያቱ ጭኮ ነው። እናቴ በሶውን በንጥር ቅቤ ለውሳ በቆርቆሮ ጠቅጥቃ ትሰጠናለች። ገብሱን ራሷ ትቆላዋለች፤ የመቁላቱ ሽታ እስከ ጎረቤት ይሄዳል። ቅቤው ቀልጦ ትንሽ ሲበርድ በሶው ላይ ታፈስና በመዳፏ ታሸዋለች፤ በጣቷ ተጭና ሳይፈርስ ከያዘ በቃው ትላለች። እፍኝ የማትሞላ ጭኮ ለሁለት ሰዓት ታስኬዳለች። አይበላሽም፣ አይፈስም፣ እሳት አይፈልግም። ከዚያ ሌላ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝና ድፎ ዳቦ። ወጥ አንይዝም፤ ባለፈው የያዝነው ፍርፍር ቦርሳዬ ውስጥ ፈሶ ሹራቤን አበላሽቶት ነበር፤ ሲበርደኝ የምለብሰው እሱን ብቻ ነበር።

ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር። ሁለት ሊትር ሁለት ኪሎ ነው፤ ልጄ ተሸክማው ሳሎን ውስጥ ዞራ «ይከብዳል» አለች። ስለዚህ ሁለቱን ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ በቦርሳዋ ግራና ቀኝ ለያይተን አደረግንላት። የጅረት ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ከብት ከላይ ይጠጣበታልና አንጠጣውም። ባዶ ሃይላንዱንና ፌስታሉን መልሰን ይዘን እንወርዳለን፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ልብስን በተመለከተ፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ብርድ ኅዳር ላይም አለቀቀም። አንድ ሺህ ሜትር በተወጣ ቁጥር በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ስንጀምር ላብ ላብ ይለናል፣ ላይ ስንቀመጥ ነፋሱ ያንን ላብ ያበርደዋል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ሳይሆን ሦስት ስስ ልብስ፣ የሚወልቅና የሚደረብ። ለመቀመጫና ለድንገተኛ ዝናብ ትልቅ ላስቲክ። ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ይሁን፤ ከመንገዱ ዳርና ዳር ሳማ አለ፣ ልጆችን በቁምጣ አትውሰዱ። ኮፍያም አትርሱ። ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ የማያቃጥል ይመስላል፤ ሳሳ ባለው አየር ላይ ግን በጥቂት ሰዓት ፊት ይልጣል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 70 በመቶ ገደማ ነው። እኛ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ሰዎች ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር ብዙም አይከብደንም፤ ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ እንግዳ ካላችሁ ግን በመጀመሪያው ቀኑ አታስወጡት።

ጫማ። ስለ ጫማ ብቻ ብጽፍ ደስ ይለኛል። የልጄን የገዛሁት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ሶሉ የተሰፋ፣ ጥርስ ያለው፣ በወፍራም ካልሲ ተለክቶ። ነጋዴው «ይሰፋል» ብሎ ጠባቡን ሊሰጠኝ ነበር። ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማ ጫፍ ጋር ከተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል፤ ስለዚህ ሱቁ በር ላይ ያለው መወጣጫ ላይ ቁልቁል አስቁሜ ጣቷ እንዳልነካ አይቼ ነው የከፈልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫማውን አድርጋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ተረከዟን አንዴ ላጣትና ፕላስተር ለጠፍንበት፤ አሁን ድኗል። ይህ ተራራው ላይ ከሚሆን ሰፈር ውስጥ ቢሆን ይሻላል።

ለጋሼ ዱላ ይዘናል። የወይራ ዱላ ናት፣ የራሳቸው። ለመውረጃው ጉልበት የሚታሰርበት ፋሻም አለ። በቀረው ቦርሳ ውስጥ ፕላስተር፣ አልኮል፣ ፓናዶል፣ ኦአርኤስ፣ ሁለት ባትሪ፣ ፓወር ባንክና የስፖርት መምህራችን ያዋሰኝ ፊሽካ። ፊሽካው ሦስት ጊዜ ከተነፋ ሁሉም ባለበት ይቆማል ተባብለናል። ካርታውን ስልኬ ላይ አስቀድሜ አውርጄዋለሁ፤ መንታ መንገድ በመጣ ቁጥር ግን ወደ ኋላ ዞረን ፎቶ እናነሳለን። መንገድ ስንወጣ የምናየውና ስንወርድ የምናየው አንድ አይደለም፤ ያኔ ከጽዱ ግንድ ጋ ያሳተን ይህ ነው።

የመኪናውን ነገር በአጭሩ፦ ሚኒባስ በኮንትራት ይዘናል፣ ሾፌሩ በሩ ላይ ይጠብቀናል። በጅማ መንገድ ሰበታ ሄደን አስፋልቱን ትተን በስተቀኝ እንገባለን፤ ፒስታው ያንገጫግጫል፣ ቸኩሎ የሚነዳ ሾፌር አይሆንም። በሆለታ መንገድ በመናገሻ ከተማ በኩል የሚሄዱም አሉ።

ከዕቃው ሁሉ በላይ ግን ቀድሞ መጠየቅ። ያኔ የፈለጉንን ጥበቃ ስልክ ይዤ ነበር፤ ረቡዕ ዕለት ደወልኩላቸው። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» አልኩ፤ ሳቁና በኦሮምኛ መለሱልኝ፤ የኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ ብዙም ስለማያልፍ ወደ አማርኛ ተመለሱ። መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ፒስታው መኪና ያስገባል ወይ፣ አብሮን የሚወጣ ሰው ይገኛል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የአካባቢው ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ሊለወጥ ስለሚችል ዓርብ ማታ ደግሜ እደውላለሁ፤ «አትምጡ» ካሉ አንሄድም። ስሰናበታቸው «ያቺ ልጅ ጫማ ገዛች?» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልረሱም። እሷን እንዲያዩአት መውሰድ በራሱ ለመውጣት በቂ ምክንያት ሆነብኝ።

የመጨረሻው ሥራ ወረቀቱ ነው። ትናንት ማታ ከእራት በኋላ ጻፍኩት፦ የስድስታችን ስም፣ የሚኒባሱ ታርጋ፣ የሾፌሩና የጥበቃው ስልክ፣ በየትኛው በኩል እንደምንወጣ፣ 6 ሰዓት ላይ እንደምንዞር፣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ፣ 10 ሰዓት ላይ ቤት። ከሥር «እስከ 12 ሰዓት ካልደወልን ለጥበቃው ይደወል» የሚል። ፍሪጁ ላይ ልለጥፈው ስል እናቴ ተቀበለችኝና መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«12 ሰዓት ላይማ ሊመሽ ነው» አለች። «ሰውየው በምን ብርሃን ሊፈልጓችሁ ነው?»

እስክሪብቶ አምጥታ ሰጠችኝ። 12ን ሰረዝኩና 10 ሰዓት ተኩል ብዬ ጻፍኩ።